ድምፁ የልጄ፣ ቃሉ የሷ

(ነሐሴ፣ ረፋድ ላይ፤ ርብ ወንዝ ሜዳውን ከዋጠው ወዲህ መብራትም ኔትወርክም የለም፤ የሩዝ መፈልፈያ ባለቤቱ ይርዳው እስከ ወገቡ ጭቃ ለብሶ ጉብታው ላይ ወዳለችው ጤና ኬላ ገብቶ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን እናናን ያፋጥጣታል።)

ይርዳው፦ ጀልባዋን ላኪ አልኩሽ እኮ! ስንቴ ልናገር?

እናና፦ መጀመሪያ በሩን ዝጋው። ዝናቡ ሳጥኑን ይመታብኛል።

ይርዳው፦ ሚስቴ ማዶ በተጠለለችበት ገብርኤል ግቢ ውስጥ ምጥ ይዟታል፣ አንቺ የሳጥን ነገር ታወሪልኛለሽ?

እናና፦ ምጥ እንደያዛት የነገረኝ ይኸው ሳጥን ነው እንጂ አንተ አይደለህም። ከትናንት ጀምሮ ስታምጥ አንተ የት ነበርክ?

ይርዳው፦ መፈልፈያው ጋ። ውሃው በመስኮት ገባ። ሩዙን ወደ ቆጡ እያወጣን ነበር።

እናና፦ ተረፈ?

ይርዳው፦ ምኑ?

እናና፦ ሩዙ።

ይርዳው፦ ግማሹ።

እናና፦ እንኳን ደስ ያለህ።

ይርዳው፦ እናና፣ አትቀልጂብኝ። ምጥ እንደያዛት ዛሬ ጠዋት በሰው በሰው ነው የሰማሁት። ስልኬ ድንጋይ ሆኗል፤ ምሰሶው ከወደቀ ወዲህ ማንም ለማንም አይደውልም። አንቺስ በምን ሰማሽ?

እናና፦ ይሄ ከምሰሶው ጋር ጉዳይ የለውም። እዚህ አንድ ሳጥን አለ፤ ማዶ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ወንድሙ አለ። ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፤ አጠገባቸው ያለ ስልክ ሁሉ በነሱ በኩል ይልካል፣ ይቀበላል። የእናቶች የክትትል ካርድም እዚሁ ውስጥ ነው። የዝና ካርድ ላይ ምን እንደተጻፈ ታውቃለህ? ልጁ በእግሩ እንደሚመጣ፣ ሆስፒታል እንጂ ቤት መውለድ እንደሌለባት።

ይርዳው፦ ማንም አልነገረኝም።

እናና፦ ነገርኳችሁ። እናትህ ውሾቿን ለቀቀችብኝ። ክረምቱ ሳይገባ ደግሞ ሰብስበን ሳጥኑን ስናሳይ አንተ ከኋላ ቆመህ ትስቅ ነበር።

ይርዳው፦ ሁሉም ሲስቅ ነው የሳቅኩት።

እናና፦ ከዚያ አንቴናውን መፈልፈያህ ጣሪያ ላይ እንትከል ብለን ለመንንህ። ከሜዳው ሁሉ ከፍ ያለ ጣሪያ ያንተ ነው። ምን ብለህ መለስክልን?

ይርዳው፦ ረስቼዋለሁ።

እናና፦ እኔ አልረሳሁትም። «የሷ እጅ የነካው ነገር ጣሪያዬ ላይ አይወጣም» አልክ።

ይርዳው፦ እናቴ ናት ያለችው።

እናና፦ በማን አፍ? እና ዋርካ ላይ አሰርነው። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይቆረጣል፣ ይቀጠላል። አሁንም በነፋሱ ምሕረት ነው የምንነጋገረው።

ይርዳው፦ እሺ፣ በድያለሁ! ይኸው በድያለሁ። አሁን ጀልባዋን ላኪልኝ።

እናና፦ እንዲህ አይለመንም።

ይርዳው፦ እንዴት ነው የሚለመነው?

እናና፦ ያን ሁሉ ዓመት ሚስትህ ሆኜ «እባክሽ» ስትል የሰማሁህ አንድ ቀን ነው፤ ባሕር ዳር፣ ከሐኪሙ ክፍል እንደወጣን። ያንን ድምፅ አምጣው።

ይርዳው፦ ያንን ነገር እዚህ አታንሺ።

እናና፦ ማን ይሰማናል? ከኔና ካንተ በቀር ያለው ዝናብ ነው።

ይርዳው፦ ... እባክሽ።

እናና፦ ጮክ በል፤ ቆርቆሮው ላይ እየወረደ ነው።

ይርዳው፦ እባክሽ! እባክሽ እናና! በወለደችሽ፣ በምታመልኪው! ጀልባዋን ላኪልኝ!

እናና፦ ጀልባዋ ከሄደች ቆየች።

ይርዳው፦ ምን?

እናና፦ ጎህ ሲቀድ ነው የላክኋት። ጀልበኛው አያ ሞላልኝ ማዶ አስረዋት ቁጭ ብለዋል። ያለው ነዳጅ ለመመለሻ ብቻ ነው የሚበቃው፤ ባዶውን መጥተው ደግሞ መሄድ አይችሉም።

ይርዳው፦ ታዲያ እኔን ምን ያስለምነኛል?

እናና፦ ደስ ስላለኝ ነው።

ይርዳው፦ አንቺ ሴት ... ጨካኝ ነሽ።

እናና፦ እናንተ ቤት ነው የተማርኩት። ከአህያ የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ ታውቃለህ።

ይርዳው፦ እሺ ስደቢኝ። ግን ጀልባዋ ማዶ ካለች ዝና ለምን አልመጣችም?

እናና፦ እናትህ።

ይርዳው፦ እናቴ ምን?

እናና፦ ማዶ ሳጥኑን የያዙት መምህር ገላው የጻፉልኝን ላንብብልህ። «ጀልባዋ ደርሳለች። ነገር ግን የይርዳው እናት ዝና የተኛችበት ክፍል በር ላይ በርጩማ አስቀምጠው ዱላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ‘ያቺ ማህፀኗ የደረቀ ሴት የነካችው ሁሉ ይደርቃል፤ የልጅ ልጄን በእጇ አላስነካም’ ይላሉ። ሴቶቹ ፈርተዋል። ወንዶቹም ባሏ ሳይፈቅድ የሰው ሚስት አንነካም ብለዋል።»

ይርዳው፦ ባንቺ በኩል ካልሆነ መንገድ የለም? በቀጥታ ሆስፒታል ብትሄድ?

እናና፦ አምቡላንሱ የቆመው ከዚህ ጉብታ ጀርባ ነው። በኔ በር ሳታልፍ የምትደርስበት መሬት ውሃው አላስቀረልንም።

ይርዳው፦ እንግዲያ ዋሺያት። እናና ጥላ ሄደች፣ ሌላ ነርስ ከከተማ መጣች በያት።

እናና፦ ከሁሉ በፊት ያንን ነው ያልኩት። እናትህ አያ ሞላልኝን መስቀል አስይዛ አስማለቻቸው። ሽማግሌው በገብርኤል ደጅ ቆመው መዋሸት አቃታቸው። «እናና ናት ያለችው» አሏት።

ይርዳው፦ ስልኩን ስጪኝ። እኔ ልንገራት። እኔን እምቢ አትለኝም።

እናና፦ ይኸን ተጭነህ ተናገር። የምትለውን መምህሩ በግቢው ድምፅ ማጉያ ነው የሚያሰሙት፤ ሰው ሁሉ ነው የሚሰማህ። እነሱ በጽሑፍ ይመልሱልናል። አሳጥረው። ፀሐይ ከጠፋች ወዲህ ባትሪው አልሞላም፣ ድምፅ ደግሞ ይበላዋል።

ይርዳው፦ «እማዬ፣ ይርዳው ነኝ። ደህና ነኝ። ዝናን ልቀቂያት፣ በጀልባው ትምጣ። እኔ ፈቅጃለሁ።» ... ሄደ?

እናና፦ ሄደ። ተቀመጥ።

ይርዳው፦ መቀመጥ አልችልም።

እናና፦ እንግዲያ ቁም። ግን ከአንቴናው ሽቦ ላይ ውረድ።

ይርዳው፦ ለምን ይዘገያል? ሰሙ አልሰሙም?

እናና፦ ነፋሱ ነው። ... ይኸው መጣ። «እናትህ ሰምተዋል። ‘ድምፁ የልጄ ነው፣ ቃሉ የሷ ነው’ ይላሉ። ‘አዞረችበት’ ይላሉ። ሴቶቹ እያማተቡ ነው።»

ይርዳው፦ እንዴት ያለ ነገር ነው! ስጪኝ!

እናና፦ ተው፣ በቁጣ አይሆንም። እናትህን አውቃታለሁ።

ይርዳው፦ «እማዬ! ከዚያ በር ላይ ተነሺ ብዬሻለሁ! ሚስቴ ናት! የሞተች እንደሆነ ዓይንሽን አላይም! ተነሺ!»

እናና፦ ጨረስክ? ባትሪውንም ልትጨርሰው ነው።

ይርዳው፦ አሁን ትፈራለች።

እናና፦ «‘ልጄ ከተወለደ ጮኾብኝ አያውቅም፤ አሁንስ በእርግጥ ተይዟል’ ብለው አለቀሱ። ሴቶቹም አብረው አለቀሱ። ዝና ግን ድምጿ እየደከመ ነው። ደም አለ።»

ይርዳው፦ ደም ማለት ምን ማለት ነው? እናና? ደም ይኖራል አይደል፣ ወሊድ ላይ?

እናና፦ ልጁ ሳይወጣ አይኖርም።

ይርዳው፦ ምን ይሻላል? እኔ ራሴ ዋኝቼ ልሂድ?

እናና፦ የሻለቃ በላይን በሬዎች ውሃው ሲወስዳቸው አላየህም? አንተ ከበሬ ትበረታለህ? እዚሁ ሆነህ የምታደርገው ነገር አለ። የቀረን ባትሪ አንድ ንግግር ቢያስተላልፍ ነው። የምትላትን ቃል ታውቃታለህ።

ይርዳው፦ አላውቃትም።

እናና፦ ሐኪሙ ያለህን።

ይርዳው፦ አይሆንም።

እናና፦ ማዶ ያሉት ሴቶች የሚፈሩት ጀልባዋን አይደለም፣ እጄን ነው። መካን የነካችው ይደርቃል ብለው ነው። መካን አለመሆኔን የሚያውቅ ከኔና ከሐኪሙ ሌላ አንተ ብቻ ነህ።

ይርዳው፦ አይሆንም አልኩሽ! ሌላ ነገር ልበል። «እናና ጥፋት የለባትም» ልበል።

እናና፦ እሱ የኔ ቃል ነው የሚመስለው። በራሱ ላይ የሚፈርድ ሰው ቃል ብቻ ነው «አዞረችበት» የማይባለው።

ይርዳው፦ ሰው ምን ይለኛል?

እናና፦ እኔን ያለኝን ሁሉ። ስም አይገድልም፣ እኔን አየኸኝ፣ አለሁ። ገበያ ስወጣ ነፍሰ ጡሮች መንገድ ይለውጡብኛል፤ ክትባት ልሰጥ ስሄድ ልጆቻቸውን ከነጠላ በታች ይደብቁብኛል። እሱንም ለምጄዋለሁ።

ይርዳው፦ አልገባሽም። እኔን ቢሉኝ እችላለሁ። ግን መካኑ እኔ ነኝ ካልኩ፣ ቀጥለው የሚጠይቁት ምንድን ነው? የዝና ሆድ የማን ነው ነው የሚሉት!

እናና፦ አንተስ የማን ነው ትላለህ? የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ።

ይርዳው፦ ሳገባት እርጉዝ አልነበረችም!

እናና፦ እሱ ነው የባሰው።

ይርዳው፦ ምላስሽ ይበጠስ! ይሄን ሳጥን ከነሽቦው አንስቼ ድንጋይ ላይ ነው የምፈጠፍጠው!

እናና፦ ፈጥፍጠው። ሚስትህ ያለችው ሽቦው ጫፍ ላይ ነው።

ይርዳው፦ ... አልጠየቅኋትም። ገባሽ? አንድ ቀን ሆዷ ገፍቶ አየሁ። ሰፈሩ እልል አለ። እናቴ ብቻ ዝም አለች፤ ደስታው አንቋት ነው አልኩ። እኔ ምን ልበል? ማን ነው ብዬ ልጠይቅ? እግዜር ሰጠኝ ብዬ ተቀበልኩ። ሕፃኑን ገና ሳላየው ወደድኩት። ይሄ ኃጢአት ነው?

እናና፦ አይደለም። ካደረግካቸው ነገሮች ሁሉ ደጉ እሱ ነው። እሱንም አሁን ልታሰምጠው ነው።

ይርዳው፦ ዝናን ላድን ብዬ ስሟን ልግደል?

እናና፦ ስሟን አድነህ እሷን ልትቀብራት ነው? ከዚያ ሙሾ አውራጇ «ጨዋ ነበረች» ትልልሃለች፤ አንተም ከፊት ሆነህ ታነባለህ።

ይርዳው፦ እየተበቀልሽኝ ነው።

እናና፦ አዎ።

ይርዳው፦ ታምኛለሽ?

እናና፦ ምን ያስዋሸኛል! እናትህ ልብሴን ከደጅ ስትወረውረው አንተ በሩን ተደግፈህ ቆመህ ነበር። ዓይንህን ከመሬት አላነሳህም። «እሷ አይደለችም» ብትል አንድ ትንፋሽ ነበር የሚፈጅብህ። ያችን ትንፋሽ ዛሬ ነው የምቀበልህ። ግን እወቅ፤ የኔ በቀል ሰው ያድናል። ሰው የሚገድለው ያንተ ይሉኝታ ነው።

ይርዳው፦ ስልኩ በራ። ሌላ መጣ፣ አንብቢው።

እናና፦ «ዝና ‘ይርዳው የት አለ’ እያለች ነው። መጣ አልናት፣ መልእክት ላከ አልናት። ‘ታዲያ እኔ ለምን ከዚህ አልወጣም’ አለችን። ምን እንበላት?» ምን በሏት ልበል?

ይርዳው፦ አምጪው።

እናና፦ እንካ። አውራ ጣትህን እንዳታነሳ፣ ግማሹ ይቀራል።

ይርዳው፦ «እማዬ ... ይርዳው ነኝ። የምትሰሙኝ ሁሉ ስሙኝ። እናና መካን አይደለችም። መካኑ እኔ ነኝ። ባሕር ዳር ሐኪም ነግሮኛል፣ እኔ ልጅ አልወልድም። ደብቂልኝ ብዬ እግሯ ላይ ወደቅኩ፣ ደበቀችልኝ። ስትባረር ዝም አልኩ። እጇ ላይ ምንም የለም። ዝናን አሳፍሯት። የማንም ይሁን የማን፣ ልጁን እኔ ነኝ የማሳድገው። አሳፍሯት።» ... ላኪው። ሳልጸጸት ላኪው።

እናና፦ ሄደ።

ይርዳው፦ ጠገብሽ?

እናና፦ እንደዚህ ቀን የሚጣፍጥ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። አይጣፍጥም።

ይርዳው፦ ዝም አሉ። ለምን ዝም አሉ?

እናና፦ እየሰሙ ነዋ። ድምፅ ማጉያ ሁለቴ አያሰማም፣ ሰው ግን ያልሰማውን እርስ በርሱ ይጠያየቃል።

ይርዳው፦ አሁን በየጓዳው እኔ ነኝ የምበላው።

እናና፦ የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ዝም በል፣ መጣ። ... መምህሩ «ያሉትን ቃል በቃል ነው የምጽፈው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ» ይላሉ።

ይርዳው፦ እሺ? ቀጥይ። ለምን አቆምሽ?

እናና፦ ራስህ አንብበው።

ይርዳው፦ እጄ ጭቃ ነው፣ ዓይኔም አያይም። አንብቢልኝ።

እናና፦ «‘መካን መሆኑን ለኔ ነው የሚነግረኝ? በልጅነቱ ጆሮ ደግፍ ወደ ታች ወርዶበት ሲያብጥ ያሸሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ስለማውቅ ነው በሩ ላይ የተቀመጥኩት። የማንም ዲቃላ የባሌን መሬት አይወርስም። እግዜር በውሃው መንገዱን ዘግቶ ገመናዬን ሊሸፍንልኝ ነው፤ እናንተ በጀልባ አታፍርሱበት።’»

ይርዳው፦ ደግመሽ አንብቢው።

እናና፦ አላነብም።

ይርዳው፦ ታውቅ ነበር? ያኔም? አንቺን ስታባርርሽም?

እናና፦ ያኔም። ያን ሁሉ መራራ ሥር በጥብጣ ስታጠጣኝ፣ ጸበል ለጸበል ስታንከራትተኝ፣ ሆዴን ስታሳሸኝ ... ታውቅ ነበር። ደም እስክተፋ ጠጥቻለሁ እኮ፣ ይርዳው።

ይርዳው፦ እኔ ልቧ እንዳይሰበር ብዬ ነበር የደበቅኋት። ልቧ እንዳይሰበር።

እናና፦ ልቧስ እንዳለ ነው። አንድ ስንጥቅ የለውም።

ይርዳው፦ እንግዲህ ዝና ሞተች በይኛ። እናቴ ከዚያ አትነሳም። ቤቷ ቢቃጠል አትነሳም።

እናና፦ ቆይ ... ነፋሱ ቆረጠው ... ናልኝ፣ ናልኝ በናትህ ... መጣ! «እናትህ ይህን ሲሉ ሴቶቹ ሁሉ ሰሙ። ለእናትህ ሲጸልዩ የነበሩት እማሆይ አጸደ ናቸው መጀመሪያ የተነሱት። ሴቶቹ እናትህን ከነበርጩማቸው አንስተው ወደ ጎን አስቀመጧቸው። እናትህ ዱላቸውን አነሱ፣ ማንም አልሸሸም። ዝናን በቃሬዛ አውጥተናታል። ተሳፍራለች።»

ይርዳው፦ ተመስገን! ተመስገን አምላኬ! ሰማሽ? ተሳፈረች! እናና፣ ነፍሴን ነው የመለስሽልኝ! ልብስ አውጪ፣ ውሃ አሙቂ፣ እኔ ቃሬዛውን እቀበላለሁ ...

እናና፦ አላለቀም።

ይርዳው፦ ምን ቀረው?

እናና፦ ከታች አንድ መስመር አለ። ዝና ናት ያለችው፣ መምህሩ ናቸው የጻፉላት።

ይርዳው፦ ምን አለች?

እናና፦ «‘ይርዳው እዚያ ካለ ከጀልባዋ አልወርድም’ ትላለች።»

ይርዳው፦ ውሸት ነው። ለምን ብላ? እኔ እኮ ነኝ ያዳንኳት!

እናና፦ ስታምጥ ከሩዝህ ጋር እንዳደርክ አይጠፋትም። በድምፅ ማጉያ ስታድናትም ምን ብለህ እንደሆነ ሰምታለች፤ ከሰፈሩ ሁሉ ጋር እኩል ነው የሰማችው።

ይርዳው፦ «የማንም ይሁን» አልኩ እንጂ! አሳድገዋለሁ አልኩ እንጂ! መልሺላት፣ እግሯ ላይ እወድቃለሁ በያት!

እናና፦ ሳጥኑ ጠፋ። ባትሪው አለቀ።

ይርዳው፦ እንግዲያ እዚህ ጥግ እቀመጣለሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። አታየኝም፣ አልተነፍስም።

እናና፦ ወደ አምቡላንሱ ከመሄዷ በፊት እዚህ ነው የማያት፤ ክፍሉ አንድ ነው። አልጋውም አንድ ነው። እሷ አልወርድም ብላ እምቢ ካለች፣ ጀልባ ላይ ትወልዳለች፣ ጀልባ ላይ ትሞታለች።

ይርዳው፦ ታዲያ ወዴት ልሂድ? ማዶ እናቴ ናት። መፈልፈያውን ውሃ በልቶታል። ውጭው ሁሉ ባሕር ሆኗል። ወዴት ልሂድ፣ እናና?

እናና፦ የጀልባዋ ሞተር ይሰማኛል። ውጣልኝ ይርዳው፣ እጄን ልታጠብ።